የእትዬ ስንዱ ዋስ

የእትዬ ስንዱን ማረፍ የሰማሁት ከእድሩ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። «የአስፐን ሂል ነዋሪ የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ በድንገት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል» ይላል። ዝቅ ብሎ የለቅሶው ቤት አድራሻ አለ፤ ከአድራሻው ሥር ደግሞ «ፓርኪንግ ከሕንፃው ጀርባ አለ» የሚል ተጨምሮበታል። ይህችን የመጨረሻዋን መስመር ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ሳያልቅ አለቀስኩ። አሜሪካ ከገባች ጀምሮ የሰው መኪና ስታስገባና ስታስወጣ የኖረች ሴት ናት። ብታነበው እሷም ትስቅ ነበር።

አብረን የሠራነው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከአንድ የሐኪሞች ሕንፃ ጎን ባለ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ነው። እኔ መግቢያው በኩል፣ እሷ መውጫው ላይ ባለችው የመስታወት ክፍል። አጭር ናት፤ ወንበሯ ላይ ትራስ ደርባ ካልተቀመጠች ሾፌሮቹ ጸጉሯን ብቻ ነበር የሚያዩት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ መነጽሯን ስትፈልግ ትውላለች። ለሚወጣ ሰው ሁሉ፣ ነጭ ይሁን ጥቁር፣ የመውጫውን መዝጊያ ዘንግ እያነሳች በአማርኛ «በሰላም ግቡ» ትላለች። ሰዎቹም ምን እንዳለቻቸው ሳያውቁ «ዩ ቱ» ብለው ይሄዳሉ። «ለምን በእንግሊዝኛ አትይም?» ብላት፣ «ምርቃት በእንግሊዝኛ አይጠናልኝም» አለችኝ።

ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት፣ «ባለቤቴ ሌሊቱን ሙሉ ዘይት ሲያፈስ አደረ» ብላ አስደነገጠችኝ። «እግዜር ይማረው፤ ሐኪም አየው?» አልኳት። መስታወቱን እየደበደበች ሳቀች።

ባለቤቴ የምትለው መኪናዋን ነው። «በወረቀት መኪናው የእኔ ነው ይባላል፤ ግን ጠዋት ቀስቅሶ ሥራ የሚልከኝ እሱ፣ ደመወዜን የሚቀበለኝ እሱ፣ ሲታመም የማስታምመው እሱን። ታዲያ ባለቤት ማለት ሌላ ምንድነው?» ትል ነበር። እውነተኛ ባሏን ከፈታች ቆይታለች። ስለ እሱ ክፉ ስትናገር የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም «እንደዚህኛው አላሠራኝም» ያለችው ነው።

መጀመሪያ አካባቢ እርስዎ እላት ነበር። አስቆመችኝ። «አንቱታውን ለጋሽ ተፈራ አስቀምጪላቸው። እኔ ገና የመኪና የምከፍል ልጅ ነኝ» አለችኝ። ጋሽ ተፈራን በስም ያወቅኋቸው ያን ጊዜ ነው። የአባቷ የሥራ ባልደረባ የነበሩ፣ ዲቪ ደርሷት ስትመጣ ኤርፖርት የተቀበሏት፣ ከሆቴል ሥራ ጡረታ ወጥተው አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የመኪናዋ ዋስም እሳቸው ነበሩ፤ ይህን ግን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

መኪናውን የገዛችው እዚያው አሌክሳንድሪያ ነው። የድሮው መኪናዋ ዕዳው ሳያልቅ ሞተሩ አለቀ። አንድ የእኛ አገር ልጅ የሚሸጥበት ቦታ ሄደች። ልጁ የአሮጌውን ቀሪ ዕዳ አዲሱ ላይ ጭኖ፣ ላዩ ላይ የማያስፈልጋትን ዋስትናና ምናምን ደራርቦ፣ ትልቅ መኪና ሰጣት። እሷ ግን ከዚያ ቀን የምታስታውሰው አንዲት ቃል ነበር። «ብድሩን አፕሩቭድ ሲለኝ እልል አልኩ፤ አሜሪካ አመነችኝ ብዬ» አለችኝ። የታመነችው እሷ ሳትሆን የዋሷ ፊርማ መሆኑ በኋላ ነው የገባት።

ያ መኪና ቅንጦት አልነበረም። ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ ትሠራለች፤ ከሰዓት በኋላ ከተማውን የሚዞረውን አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩን፣ ይዛ አሌክሳንድሪያ አረጋውያን መጦሪያ ትገባለች። በባቡርና በአውቶቡስ ይህ መንገድ አይሆንም። መኪናውን ለመክፈል ሁለተኛው ሥራ ያስፈልጋታል፤ ሁለተኛው ሥራ ዘንድ ለመድረስ መኪናው ያስፈልጋታል። ይህን የምታስረዳኝ በእጇ ክብ እየሠራች ነበር።

ከዚያ ጉልበቷን ኦፕሬሽን ሆነች። ሥራ አቆመች፣ የሆስፒታል ዕዳ መጣ፣ የቤት ኪራዩን በክሬዲት ካርድ ሸፈነች፣ የመኪናው ክፍያ ቀረ። ባንኩ ጠዋት ማታ ይደውልላት ጀመር። ወደ ሥራ ስትመለስ ስልኳ በጮኸ ቁጥር ትራሷ ላይ ስትዘል አያታለሁ። እኔም አብሬያት እሳቀቅ ነበር።

አንድ ጠዋት ግን ፊቷ በርቶ መጣች።

«ሰብሊ፣ ባንኩ አዘነልኝ!»

«ምን ሆነ?»

«ዝም አለ። ያለፈውን ወር አልከፈልኩም፤ ከዚያ በፊት ያለውንም አልከፈልኩም። መደወል አቆሙ። ሰው አላቸው ማለት ነው፣ ጉልበቴን ያወቀ ሰው።»

«እትዬ ስንዱ፣ ባንክ አያዝንም» አልኳት።

«እናንተ የዛሬ ልጆች ሰው አታምኑም» ብላ ተቆጣችኝ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ለባንኩ ሻማ አበራችለት። ቀልድ አይደለም፣ ከጎኗ ቆሜ ነበር። ለማን እንደሆነ ስጠይቃት «ላዘነልኝ» አለች።

ዝምታው ብዙ አልቆየም። በወሩ ገደማ አንድ ቀን ረፋድ ላይ መኪና ጎታች ትራክ በእኔ በኩል ገባ። ሾፌሩ እንደማንም ቲኬት ወሰደ። ሐኪም ቤት የመጣ ሰው መኪናው ተበላሽቶበት ይሆናል ብዬ ልብም አላልኩት። መውጫው ጋ ሲደርስ ቀና ብል፣ ከኋላው የተንጠለጠለው የእትዬ ስንዱ ባለቤት ነው።

ሮጥኩ። ስደርስ ሰውየው ቲኬቱን እየዘረጋላት ነበር። መኪናው የማን እንደሆነ አያውቅም። እሷ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች፤ መኪናዋን አየች፤ ቲኬቱን አየች። ተቀበለችው፣ ማሽኑ ውስጥ ከተተችው፣ ሂሳቡን ነገረችው። ከፈለ። መልሱን ሰጠችው። «ሪሲት?» አለችው። አልፈልግም አለ። ዘንጉን አነሳችለትና፣ «በሰላም ግቡ» አለችው።

«ዩ ቱ» ብሎ ባለቤቷን ይዞ ሄደ።

«እንዴት ከፈትሽለት?» ብዬ ጮህኩባት።

«ከፍሏላ!» አለችኝ። ያን ቀን አሌክሳንድሪያ የደረሰችው ሰዓቷ አልፎ ነበር፤ አለቃዋም ሁለተኛ እንዳይደገም ብሎ አስጠነቀቃት።

የሥራ ቦታ ሰው ሁሉ አጽናኝ ሆነ። «ተገላገልሽ! ወሰዱት አይደል? በቃ አለቀ» አሏት። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። እኛ ዘንድ ንብረቱን መልሶ የወሰደ ሰው ከዚያ ወዲያ ምን ይጠይቃል? ባንኩ ግን ደወለ። መኪናው በጨረታ ሊሸጥ ነው፤ ከዕዳው የጎደለውን ትከፍያለሽ አላት። «መኪናውን ወስደው የመኪናውን ገንዘብ?» እያለች ጠዋቱን ሙሉ ለሚወጣው ሰው ስትነግረው አረፈደች። ሁሉም «ዩ ቱ» አሏት።

ዊተን ውስጥ ከአንድ ጸጉር ቤት በላይ ቢሮ ያላት ጠበቃ እንዳለች የነገረኝ አብሮኝ የሚማር ልጅ ነው። እትዬ ስንዱን እጇን ይዤ ደረጃውን አወጣኋት። ላስተረጉም ነው የሄድኩት፤ ገና ከመጀመሪያዋ ቃል ተሰናከልኩ። ባንክራፕሲን «ኪሳራ» ብዬ ተረጎምኩላት።

«ኪሳራ የነጋዴ ነው» አለች ኮስተር ብላ። «እኔ ምን ነግጄ ነው የምከስረው? ሠርቼ ነው የደኸየሁት በያት።»

እንዳለችው ነገርኳት። ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ልክ ናት፤ እዚህ ከሚመጡት ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው» አለች። ከዚያ ቀላሉን መንገድ አስረዳችን። ዕዳው በፍርድ ቤት ይሰረዛል። መኪናውን ትተሽላቸው ትሄጃለሽ፤ የጎደለውን ከአንቺ መጠየቅ አይችሉም። የሆስፒታሉም የካርዱም ይቀራል። እትዬ ስንዱ እየሰማች ሄደች፣ ትከሻዋም ዝቅ እያለ ሄደ። ጠበቃዋ እየጻፈች፣ «ኮሳይነር የለም አይደል?» አለች።

«ዋስ አለሽ ወይ ነው የምትለው» አልኳት።

«የለኝም» አለች ፈጠን ብላ።

«ጥሩ። ቢኖር ኖሮ ወደ እሱ ነበር የሚዞሩት።»

ይህንን ተርጉሜ ሳልጨርስ ቦርሳዋን አንስታ ቆመች። «ተነሺ እንሂድ» አለችኝ። ጠበቃዋን አመስግና ወጣች። ደረጃው መሐል ላይ ስደርስባት ግድግዳውን ተደግፋለች።

«ዋስ አለኝ» አለች።

«ማን?»

«ጋሽ ተፈራ። ምን ያህል ነው ሳይሉኝ፣ እስክሪብቶ ከኪሳቸው አውጥተው ፈረሙልኝ። በሰው አገር፣ በስተርጅና።»

«ታዲያ ለምን የለኝም አልሽ?»

«በፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ስማቸውን ላስጽፍ? እኔ በጠራሁት ስም መጥሪያ ይሂድባቸው? የፈረሙልኝ ለዚህ ነው?» አለችኝ። ለእሷ የሰውን ስም ፍርድ ቤት ማስጠራት መክሰስ ነበር። ደብቃ የምታድናቸው መስሏታል። ላስረዳት ስሞክር፣ «ተይኝ፤ እስክሞት እከፍላለሁ» አለችና መውረድ ጀመረች። እንዴት እንደምትከፍል አልነገረችኝም። መኪና የላትም፤ መኪና ከሌላት ደግሞ የአሌክሳንድሪያው ሥራ የለም።

ከታች ስትደርስ ግንባሯን ሳትነካ ቦርሳዋን በረበረች። «መነጽሬን እላይ ረሳሁት» አለች። መነጽሩ ግንባሯ ላይ ነው። እኔ ምንም አላልኩም። ደረጃውን መልሳ ስትወጣ በመጥፎ ጉልበቷ እያነከሰች ስለነበር አሳዘነችኝ፤ ግን ተከተልኳት።

ጠበቃዋ በሩን ስትከፍት ወደ ግንባሯ ጠቆመቻት። እትዬ ስንዱ ዳሰሰችው፤ ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና፣ «ዋሽቻት ነበር በያት» አለችኝ።

ሁለተኛው መንገድ ረጅሙ ነበር። ደመወዟ ታይቶ ለተወሰኑ ዓመታት በየወሩ አንድ ክፍያ ትከፍላለች። መኪናው ሳይሸጥ ከተደረሰበት ይመለስላታል። የሆስፒታሉና የካርዱ አብዛኛው መጨረሻው ላይ ይሰረዛል። የመኪናው ዕዳ ራሱ፣ ከተገዛ ስለቆየ፣ መኪናው ዛሬ በሚያወጣው ልክ ሊቀነስ ይችላል። ግን የተቀነሰው ዋሱን ይከተላል። ሙሉውን እከፍላለሁ ካለች፣ እየከፈለች እስካለች ድረስ ባንኩ ዋሱን መንካት አይችልም።

«አይቀነስ» አለች።

«አስቢበት ትላለች።»

«አስቤያለሁ። አይቀነስ በያት። ደግሞስ አዝኖልኝ የነበረ ባንክ ነው።»

የመጨረሻዋን አልተረጎምኳትም።

የቀረው ስሙ ነበር። ጠበቃዋ ታግሳ አስረዳቻት፦ ስማቸው ካልተጻፈ ባንኩ ማንን መተው እንዳለበት በምን ያውቃል? የተጻፈ ሰው ነው የሚጠበቀው። እትዬ ስንዱ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች። ከዚያ የጋሽ ተፈራን ስም ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው፣ ቀስ ብላ አስጻፈች። ፊደል በፊደል በእንግሊዝኛ የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ስሳሳት ግን የምታርመኝ እሷ ነበረች።

መኪናው በሳምንቱ ተመለሰ። በመጀመሪያው እሁድ ይዛኝ ወደ አሌክሳንድሪያ ነዳች፤ ከፍርድ ቤት የሚመጣው ወረቀት ጋሽ ተፈራ ዘንድ ሳይቀድማት ልትነግራቸው ነው። መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስታጠና ነበር። ጋሽ ተፈራ እቤታቸውም ክራቫት የሚያስሩ፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። ተቀመጪ አሏት፤ አልተቀመጠችም። ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት።

«ጋሽዬ፣ ስምዎን አስጠራሁ» አለች።

«የት?»

«ፍርድ ቤት።»

«ማን ከሰሰኝ?»

«ማንም አልከሰሰዎትም። እንዳይነኩዎት ነው። ሰብሊ ታስረዳዎት፣ እኔ አልቻልኩም።»

አስረዳኋቸው። ስጨርስ ወደ እሷ ዞረው፣ «ሙሉ ስሜን ነው ያስጻፍሽው?» አሏት።

«ከነአያትዎ።»

«ጥሩ አድርገሻል። ሌላ ተፈራ ጋ እንዳይሄዱ።»

ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት። ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ትከሻዋን ይዘው ከለከሏት። «ባንኩም እኮ መጀመሪያ ላይ አዝኖልኝ ነበር፤ ታግሶኝ ነበር። እኔ ነኝ መጨረስ ያቃተኝ» አለቻቸው። ጋሽ ተፈራ የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ወደ መስኮቱ አዩ።

«አዎ፣ አንዳንድ ጥሩ ባንክ አለ» አሉ። ከዚያ ምሳ አቀረቡልን።

ቀጥሎ ክፍያዋን የሚቆጣጠረው፣ ትረስቲ የሚባለው ኃላፊ የሚጠይቃት ቀን መጣ። ፍርድ ቤት መስሏት ነጠላ ለብሳ መጣች፤ በዙም ነው ስላት ቅር አላት። በእረፍት ክፍላችን ስልኬን ከውሃ ጠርሙስ ጋር አስደግፌ አስቀመጥኩላት። ሰውየው ጥያቄውን ቶሎ ቶሎ እያለ ጨረሰና የዋሱን ስም እንድታረጋግጥ ጠየቃት። እትዬ ስንዱ ከወንበሯ ተነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ «አቶ ተፈራ» ብላ ጀምራ እስከ አያታቸው ጠራች። ትረስቲው ያየው ሆዷን ብቻ ነው። «ማዳም፣ ፊትዎ አይታየኝም» አለ። «ስማቸውን ተቀምጬ አልጠራም በይው» አለችኝ። ይህንንስ ተረጎምኩት።

ዓመታቱ ቀላል አልነበሩም። ሠርግ ቀረባት፣ አገር ቤት የእህቷን ልጅ ምርቃት በስልክ አየች፣ ለአዲስ ጫማ እንኳ ስታስብ ትከርም ነበር። ግን ስልኳ ሲጮህ አትዘልም። ይህ ምን ያህል እንደሆነ ስልክ ያላስደነገጠው ሰው አይገባውም። ደግሞም አልደበቀችም። የእኛ ሰው ካንሰር ይደብቃል፣ ፍቺ ይደብቃል፤ እሷ በልጅ ክርስትና ላይ፣ ሳህን ይዛ፣ «ባንክራፕሲ ውስጥ ነኝ፤ ሥጋውን ጨምሩልኝ» ትላለች። ሰው ያፍርላት ነበር። በማግስቱ ግን ያ ያፈረላት ሰው መኪናውን ይዞ፣ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ሳይኖረው፣ መውጫው ላይ ይቆማል። መስታወቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ ስንዱ፣ ያቺ የዊተኗ ሴት ስልኳ አለሽ?» ይላል። ቁጥሩን ትሰጥና፣ «ዋስ ካለህ እንዳትደብቅ፤ መጀመሪያ እሱን ተናገር» ትለዋለች። ከኋላው ያሉት ጡሩንባ ይነፋሉ። «ይጠብቁ፤ ሰውየው ባለቤቱ ታሞበት ነው» ትለኛለች።

የመጨረሻውን ከፍላ የመኪናው ባለቤትነት ወረቀት በፖስታ የመጣ ቀን ሥራ ቦታ ይዛው መጣች። ለሚወጣው ሁሉ በመስታወቱ አሳየች። «ከዛሬ ጀምሮ ባለቤቱ እኔ ነኝ» አለችኝ። ከዚያ መኪናዋን ባለቤቴ ማለት ተወች። ምን ትይዋለሽ ስላት፣ «መኪና» አለች፤ «መኪና ነው እኮ።» ከዚያ በኋላ ከዓመት ትንሽ በላይ ነዳችው።

ለቅሶው ቤት ስደርስ መኪናዬን ከሕንፃው ጀርባ አቆምኩ። የእሷ እዚያው ቆሟል፤ ሳልነካው ማለፍ አልቻልኩም። ጋሽ ተፈራ ከውስጥ ጥግ ይዘው፣ ክራቫታቸውን እንዳሰሩ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ስለ እሷ እንጫወት ጀመር፤ የጎታቹን ሰውዬ ነገርኳቸው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«አሳዝኖኝ የሚቀረው» አልኳቸው፣ «እስከ መጨረሻው ባንኩ አዝኖልኝ ነበር ስትል ነው። ልቧ ንጹሕ ነበር።»

ሳቃቸውን አቆሙ። መሐረባቸውን አውጥተው መነጽራቸውን ጠረጉ።

«እኔ ነበርኩ» አሉ።

አልገባኝም።

«ለእሷ የሚደውሉት ወደ እኔ መደወል ጀመሩ። ዋስ ነኝ አይደል? ያለኝን ከፈልኩ። ጡረታዬ አልበቃ ሲለኝ ጊዜ ነው መኪናውን የወሰዱባት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯትም? ያን ቀን ቤትዎ መጥተን…»

«ልነግራት ነበር» አሉ። «ግን አስቢው፤ ብነግራት እኔንም ከአበዳሪዎቿ ጋር ታስጽፈኝ ነበር። ከዚያ ከባንኩ እኩል እየከፈለችኝ ልትኖር? ስሜ በዋስነት ተጽፏል፤ እሱ ይበቃኛል።»

«ጋሽ ተፈራ፣ እትዬ ስንዱ እኮ ለባንኩ ሻማ አብርታለት ነበር። ላዘነልኝ ብላ። አብሬያት ነበርኩ» አልኳቸው።

«ለባንኩ?»

«ለባንኩ።»

መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ።

«እንግዲያው» አሉ፣ «ሻማዋ የእኔ ነበረቻ።»